ስለ መኪና አካል ጎሚኒ አለዋወጥ

በ1960 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ቶዮታ ላንድክሩዘር 40 አካሉ በሻንሲው ላይ የሚቀመጠው በጎሚኒ ነው። ጎሚኒው የመንገዱን ንዝረት ያበርዳል፤ ሲያረጅ ግን ብረት ከብረት ይፋጫል፤ በርም አልገጥም ይላል።

በአጎቴ ጋራዥ እንደተማርሁት ሥራው እንዲህ ነው። በዋዜማው የዛጉትን ብሎኖች ዘይት ማጠጣት፤ በማግሥቱ ጎማዎቹን በድንጋይ ማስደገፍ፤ የባትሪውን ገመድ መፍታት። ቀጥሎም የሁለቱን ወገን ብሎኖች አላልቶ፣ የአንዱን ወገን ፈትቶ፣ በክሪኩ ላይ ጣውላ አድርጎ አካሉን ጥቂት ብቻ ማንሣት ነው። ከመጠን ካለፈ የፍሬኑና የቤንዚኑ ቧንቧ ይጐዳል።

ክሪክ ቢንሸራተት ጣት ይቀጠቅጣልና እጅ ከመግባቱ በፊት የእንጨት ድጋፍ ይግባ። አዲሶቹ ጎሚኒዎች በሁለቱም ወገን ከገቡ በኋላ ብሎኖቹ በየተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ብቻውን ቀድሞ ከጠበቀ አካሉ ይጣመማል።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ትንሹን ጎሚኒ አንናቅ።