ጽሑፉ የማን ነው? የተመራማሪ መብትና የዕውቀት ክፍት ተደራሽነት

ከየካ ክፍለ ከተማ ሽቅብ ሲመለከቱት የሚታየው የእንጦጦ ሰንሰለት ለሳይንስ ተማሪ እንደ አንድ ሰፊ ቤተ ሙከራ ሊቆጠር ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቁልቁለቱን ሸፍኖታል። በከፍታው ላይ ደግሞ የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ስለ ዛፉ፣ ስለ አፈሩም ሆነ ስለ ሰማዩ ምርምር ይካሄዳል። ይሁን እንጂ በየካው ኮተቤ መምህርነት የሚሠለጥን ወጣት ስለዚሁ ተራራ የተጻፈ ጥናት በኢንተርኔት ቢፈልግ፣ አጭር መግለጫውን ብቻ አይቶ ለቀሪው በዶላር እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ጥናቱ የተሠራው እዚሁ፣ ምናልባትም በሀገር ገንዘብ ሆኖ ሳለ በሩ የተዘጋው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከመብቱ ምንጭ እንጀምር።

መብቱ የሚጀምረው ከማን ነው?

በሀገራችን ይህን ጉዳይ የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ወጥ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው በመዘጋጀቱ ብቻ ነው። ጥበቃው ሁለት ገጽታ አለው። የኢኮኖሚ መብት ሥራውን የማባዛት፣ የመተርጎምና የማሰራጨት ሥልጣን ሲሆን፣ በመርሕ ደረጃ ደራሲው በሕይወት እያለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። የሞራል መብት ደግሞ ደራሲው በስሙ እንዲታወቅና ሥራው እንዳይዛባ ይጠብቃል። በቅጥር ለተሠሩ ሥራዎች ሕጉ የተለየ ድንጋጌ ስላለው የሥራ ውልንም ማየት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሕጉ የሚጠብቀው የጽሑፉን አገላለጽ እንጂ ሐሳቡን ወይም ግኝቱን አይደለም። የባሕር ዛፍ ሥር ስንት ሜትር እንደሚወርድ የሚገልጽ አኃዝ የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም። አኃዙን የያዘው ጽሑፍ ግን ባለቤት አለው።

የአንዲት ፊርማ ዋጋ

አንድ ተመራማሪ ጽሑፉን ለጆርናል ሲልክ ክፍያ አያገኝም። ጽሑፉን የሚገመግሙት የሙያ አጋሮቹም አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ያገለግላሉ። ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ ግን ብዙ አሳታሚዎች የመብት ማስተላለፊያ ቅጽ ይልካሉ። ተመራማሪው በደስታ ተሞልቶ ሳያነበው ከፈረመ የኢኮኖሚ መብቱ ወደ አሳታሚው ያልፋል። ከዚያ በኋላ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንኳ ጽሑፉን የሚያገኘው ገዝቶ ነው።

እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሂናሪና በኋላ ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ማዕቀፍ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ሀገሮች ለሚገኙ ተቋማት ብዙ ጆርናሎችን በነጻ ያቀርባል። ነገር ግን አገልግሎቱ በተመዘገበ ተቋም በኩል የሚገኝ በመሆኑ በቤቱ ሆኖ ለሚያነብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይደርስም።

ሁለቱ መንገዶች

ክፍት ተደራሽነት የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2002 በቡዳፔስቱ መግለጫ በግልጽ ተቀመጠ፤ ምሁራዊ ጽሑፍ ለማንኛውም አንባቢ ያለ ክፍያ ይቅረብ ማለት ነው። ወደዚህ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው በክፍት ጆርናል ማሳተም ነው። አንዳንዶቹ ክፍያውን ከአንባቢ ወደ ደራሲ ያዞራሉ፤ ኔቸር የተባለው ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2020 ያስታወቀው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነበር። ብዙ አሳታሚዎች ግን ለአነስተኛ ገቢ ሀገሮች ደራስያን ክፍያውን ስለሚያነሡ፣ ጽሑፉን ከመላክ በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ደራሲው ራሱ ቅጂውን በዲጂታል ቋት ማኖሩ ነው። አንድ ጽሑፍ ሦስት መልክ አለው፤ መጀመሪያ የተላከው ረቂቅ፣ ከግምገማ በኋላ ታርሞ ተቀባይነት ያገኘው ቅጂ፣ በመጨረሻም አሳታሚው ያቀናበረው ገጽ። ብዙ አሳታሚዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን፣ አንዳንዴም ከተወሰኑ ወራት በኋላ፣ በቋት ማኖርን ይፈቅዳሉ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሠራው አርካይቭ በተባለ ቋት ረቂቆቻቸውን የማኖር ልማድ አላቸው። በሀገራችንም በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ቋት እንዲቀመጡ ተደንግጓል።

«ከከፈትኩት ይሰረቅብኛል» የሚል ሥጋት ሲነሣ እንሰማለን። መክፈት ግን መብትን መጣል አይደለም። ክርየቲቭ ኮመንስ በተባለው ፈቃድ የወጣ ጽሑፍ ባለቤት ደራሲው ሆኖ ይቀጥላል፤ የሚጠቀምበትም ሁሉ ስሙን የመጥቀስ ግዴታ አለበት። ቀኑ ተመዝግቦ በአደባባይ የተቀመጠ ጽሑፍ ለቀዳሚነት ምስክር ሲሆን፣ በመሳቢያ የተቆለፈው ግን ምስክር የለውም።

እንግዲህ ነገ ተመራማሪ የምትሆኑ ወጣቶች ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። መብቱን ከማስተላለፍ ይልቅ የማሳተም ፈቃድ ብቻ መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ተቀባይነት ያገኘውን ቅጂ ጠብቃችሁ አኑሩ። ያለ እውነተኛ ግምገማ ገንዘብ ብቻ የሚሰበስቡ አስመሳይ ጆርናሎች ስላሉም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውን የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ተመልከቱ። በሕጋችን መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነውና፣ በሩ ክፍት ሆኖ መቅረቱም ሆነ መዘጋቱ በእጃችሁ ባለችው ብዕር ይወሰናል።