ጥይት ሰውን ወርውሮ ይጥላልን?
የእንቅስቃሴ ሕጎችና የሽጉጥ ምርጫ

የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ባስተማርሁ ቁጥር ከተማሪዎች መካከል አንዱ እጁን አውጥቶ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። በፊልም ላይ በሽጉጥ የተመታ ሰው ወደ ኋላ ተወርውሮ መስተዋት ሰብሮ ሲወድቅ እናያለን፤ ታዲያ ተኳሹ ስለ ምን አይወድቅም? ጥያቄው የጠያቂውን ንቃት ያሳያል። መልሱም አጭር ነው፤ ፊልሙ ውሸት ነው። ጥይቱ ለተመታው ሰው የሚያቀብለው ግፊት በመጀመሪያ በተኳሹ እጅ ላይ ያረፈው ግፊት ነው። ተኳሹን ያልጣለው ተመቺውን ወርውሮ ሊጥለው አይችልም።

ውሸቱ በሲኒማ ቤት ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። በአሜሪካ ግን ሰዎች ገንዘባቸውን፣ አንዳንዴም ሕይወታቸውን የሚያስይዙበት ጉዳይ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረገው መጠይቅ መሠረት ከአገሪቱ አዋቂዎች 32 በመቶ የሚሆኑት የጦር መሣሪያ እንዳላቸው የተናገሩ ሲሆን፣ ከእነዚህ ባለመሣሪያዎች 72 በመቶው ዋነኛ ምክንያታቸው ራስን መከላከል መሆኑን ገልጸዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ከቤት ውጭ ሽጉጥ ይዞ የመንቀሳቀስን መብት ያጸና ሲሆን፣ ከግማሽ በሚበልጡት ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ሽጉጥን በልብስ ሥር ሸሽጎ ለመያዝ ፈቃድ እንኳ አይጠየቅም።

በትምህርት ላይ ሳለሁ በአንድ የነዳጅ ማደያ በሌሊት ተረኛነት ይሠሩ የነበሩ የአገሬ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ማደያው አንድ ጊዜ ተዘርፎ ነበር። አንድ ምሽት፣ «አንተ የምታጠናው ፊዚክስ ነው አሉ፤ እስቲ ንገረኝ፤ ዘጠኝ ሚሊ ሜትሩን ልግዛ ወይስ ትልቁን ፎርቲ ፋይቭ? ትልቁ በአንድ ምት ይጥላል ይላሉ» አሉኝ። በደረሰኝ ጀርባ ላይ የሚከተለውን ስሌት ሠራሁላቸው።

የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር አረር 8 ግራም ያህል ሲመዝን ከአፈሙዝ የሚወጣው በ350 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። የፎርቲ ፋይቩ፣ ማለትም የ0.45 ኢንቹ፣ ወደ 15 ግራም ይመዝናል፤ ፍጥነቱ ግን 255 ሜትር በሰከንድ ያህል ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበት የመጠነ ቁስና የፍጥነት ካሬ ብዜት እኩሌታ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ወደ 490 ጁል፣ ሁለተኛውም ወደ 485 ጁል ይደርሳል። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። (ስሙ በአገራችን የሚታወቀው ማካሮቭ በዚሁ ስሌት 300 ጁል ያህል ነው።) ሞመንተም ደግሞ የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት ነው፤ በዚህስ ትልቁ ይበልጣል፤ 3.8 በ2.8 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ።

አሁን 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በትልቁ ጥይት ተመትቶ አረሩ ሰውነቱ ውስጥ ቀረ እንበል። ሞመንተም ስለማይጠፋ፣ 3.8 ለ70 ሲካፈል ሰውየው የሚያገኘው ፍጥነት በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ከተራ የእግር ጉዞ ፍጥነት 25 ጊዜ ያነሰ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ 430 ግራም የምትመዝን የእግር ኳስ በጥሩ አጥቂ ተመትታ በሰከንድ 25 ሜትር ስትጓዝ ሞመንተሟ 10.75 ይሆናል፤ ይኸውም ከትልቁ ጥይት ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ግብ ጠባቂው ግን ኳሷን ይይዛትና መልሶ ይወረውራታል።

ታዲያ ኳስ የማይገድለው፣ ጥይት የሚገድለው ለምንድን ነው? የኳሷ ጉልበት 135 ጁል ያህል ብቻ ከመሆኑም በላይ መዳፍ በሚያክል ስፋት ላይ ይሠራጫል። የ9 ሚሊ ሜትሩ አረር 490 ጁሉን የሚያሳርፈው 64 ካሬ ሚሊ ሜትር በማትሞላ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ቆዳና ሥጋን ቀድዶ ይገባል። የሽጉጥ ጥይት የሚያደርሰው ጉዳት በመሠረቱ ያ የቀደደው መንገድ ነው፤ መንገዱ ልብን፣ ዐቢይ የደም ሥርን ወይም ኅብለ ሰረሰርን ካላገኘ የተመታው ሰው ለተወሰነ ጊዜ መሮጥም፣ መተኮስም ይችላል።

ይህን የአሜሪካ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) በመራራ ሁኔታ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1986 በማያሚ የቢሮው መርማሪዎች ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው ላይ በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ተመታ። አረሩ በክንዱ አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባና ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውየው ግን ተኩሱን ቀጥሎ ሁለት መርማሪዎችን ገደለ፤ ሌሎችንም አቆሰለ፤ በመጨረሻም እርሱና ጓደኛው ተገደሉ። ቢሮው ከዚህ በኋላ ባካሄደው ምርምር «የመጣል ኃይል» የሚባለውን አነጋገር ወደ ጎን ትቶ በቀላሉ ሊለካ የሚችል ነገር ያዘ፤ እርሱም የመዝለቅ ጥልቀት ነው። 10 በመቶ ጄላቲን ያለበት ቀዝቃዛ ስብስብ የሥጋን ተቃውሞ በሚገባ ስለሚመስል፣ አረሩ በዚያ ውስጥ ከ30 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ከ46 ሴንቲ ሜትርም እንዳይበልጥ መስፈርት ወጣ። የታችኛው ወሰን ክንድ ወይም ወፍራም ልብስ በመንገዱ ቢቆም እንኳ እንዲደርስ ነው። የላይኛው ደግሞ አልፎ ከኋላ የቆመውን መንገደኛ እንዳይመታ ነው፤ ይህን ሁለተኛውን ብዙ ገዢዎች ይረሱታል። ጫፋቸው የተቦረቦረ አረሮች የተሠሩትም ሥጋ ውስጥ ሲገቡ እንደ አበባ ተከፍተው ቶሎ እንዲቆሙ ነው።

ቢሮው መጀመሪያ ፊቱን ያዞረው ወደ ኃይለኛው 10 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ለብዙ ተኳሾች ርግጫው ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው የ0.40 ኢንች ጥይት ቦታውን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን የቢሮው የሥልጠና ክፍል ወደ 9 ሚሊ ሜትር የሚመለስበትን ምክንያት በጽሑፍ አቀረበ። የተሻሻሉት አረሮች በጄላቲን ውስጥ ከትልልቆቹ አያንሱም፤ ተኳሹ ይበልጥ ያነጣጥርባቸዋል፤ ካዝናውም ብዙ ይይዛል። የሲቪሉም ገዢ ምርጫ በአብዛኛው ወደዚያው አዘንብሏል።

መሣሪያው በልብስ ሥር ይሸሸግ ሲባል ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የአረሩና የባሩዱ ጋዝ ሞመንተም ተደምሮ ለ9 ሚሊ ሜትር 3.2 ያህል ነው እንበል። ሽጉጡ ይህንኑ ያህል ወደ ኋላ ይቀበላል፤ የርግጫው ጉልበትም የሞመንተም ካሬ ለመጠነ ቁሱ እጥፍ ሲካፈል ነው። ከነጥይቱ 850 ግራም ለሚመዝን መካከለኛ ሽጉጥ ይህ 6 ጁል ይሆናል፤ 500 ግራም ለሚመዝን ትንሽ ሽጉጥ ከ10 ጁል ይበልጣል። ክብደቱ 40 በመቶ ያህል ሲቀንስ ምቱ በ70 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው። «ለባለቤቴ ትንሿ ትሻላታለች» የሚሉ ገዢዎች ሕጉን ገልብጠው አንብበውታል። ከዚህም ሌላ አፈሙዙ ከመዳፍ በላይ ስለሚገኝ ምቱ በእጅ አንጓ ዙሪያ ጥምዘዛ ይፈጥራል፤ አፈሙዙም ወደ ላይ ይነሣል።

ማነጣጠርም እንዲሁ ነው። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 16.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት በ7 ሜትር ላይ 42 ሚሊ ሜትር ያስታል፤ ርቀቱ 13 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን 54 ሚሊ ሜትር ነው። እጅ ሲንቀጠቀጥ ስሕተቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ ይበልጣል። አጭር አፈሙዝ ጋዙ አረሩን የሚገፋበትን መንገድ ስለሚያሳጥር ፍጥነቱንም ይቀንሰዋል። አምራቾች ይህን ለማካካስ ያደረጉት ጥረት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 ባዶውን 500 ግራም ያህል እየመዘነ በካዝናው 10 ጥይት መያዙ ገበያውን ቀይሮታል። የኒውተንን ሕግ ግን አልቀየረውም።

ስለ ምላጭ አንድ ቃል ልጨምር። በብዙዎቹ ዘመናዊ ሽጉጦች ምላጩን ለመሳብ 25 ኒውተን ያህል ይበቃል፤ ይህም ሁለት ኪሎ ተኩል ዕቃ እንደማንጠልጠል ነው። ምላጩ የባለቤቱን ጣት፣ አፎት በሌለው ኪስ ውስጥ የተጠላለፈ ቁልፍንና የሕፃን እጅን አይለይም።

ጋሼ ስሌቱን በጸጥታ ተከታተሉኝና፣ «እንግዲያው ትንሹን ነው የምትለኝ?» አሉ። ቀን ቀን ስተኛ የት ያስቀምጡታል ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በቤታቸው ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንደኛው አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። መልስ አልሰጡኝም። በካሊፎርኒያ ከ26 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን ለ12 ዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ያን ጊዜ አልወጣም ነበር። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ ራሳቸውን በጥይት የማጥፋታቸው ዕድል 8 እጥፍ፣ የሴቶቹም 35 እጥፍ ገደማ ሆኖ መገኘቱን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች ውስጥ 26,328ቱ ሕይወታቸውን ያጠፉት በገዛ እጃቸው ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ሳገኛቸው የሌሊቱን ተራ ትተው በአነስተኛ ደመወዝ ቀን መሥራት መጀመራቸውን ነገሩኝ። ሽጉጡን ይግዙ አይግዙ አልጠየቅኋቸውም፤ ደረሰኙ ግን ዐራት ተጣጥፎ በኪስ ቦርሳቸው ውስጥ እንዳለ አሳዩኝ።