የእንግሊዝኛ «ድርብ ዐረፍተ ነገር» እና የአማርኛ ቦዝ አንቀጽ

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ዐረፍተ ነገርን በአገልግሎቱ ሐተታዊ፣ ጥያቄያዊ፣ ትእዛዛዊና አጋናኝ ብሎ ይከፍለዋል፤ በዚህ ረገድ ተርጓሚን እምብዛም የሚያስቸግር ነገር የለም። በአሠራሩ ሲከፈል ግን ነጠላ፣ ድርብ፣ ውስብስብና የኋለኞቹ ሁለቱ ቅልቅል ይሆናል፤ ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

«ሺ ኦፕንድ ዘ ዶር፣ ኤንድ ሺ ሳው ሂም» የሚለው ድርብ ነው፤ እያንዳንዳቸው ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ያላቸው ሁለት እኩያ ክፍሎች በ«ኤንድ» ተያይዘውበታልና። በአማርኛ «በሩን ከፍታ አየችው» ስንል ግን ማሰሪያ አንቀጹ አንድ ብቻ ነው፤ «ከፍታ» ቦዝ በመሆኑ ጊዜውን የሚያገኘው ከ«አየችው» ነው። ስለዚህ «ድርብ» የሚለው ስያሜ ለእንግሊዝኛው ቢስማማም፣ ትርጉሙም በአማርኛ የግድ ድርብ ይሁን ማለት አይገባም እንላለን።

ቦዙ ለአማርኛ ጆሮ የተስማማ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አያዋጣም። የእንግሊዝኛው ሐሳብ «ደብዳቤውን ጻፈች፤ ነገም ትልከዋለች» የሚል ሆኖ ሳለ «ደብዳቤውን ጽፋ ነገ ትልከዋለች» ተብሎ ቢተረጐም፣ መጻፉም ገና እንዳልተፈጸመ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። የሁለቱ ድርጊቶች ጊዜ ሲለያይ፣ አነጋገሩ ጥቂት ቢሻክርም፣ ሁለቱንም ማሰሪያ አንቀጾች መጠበቅ ይሻላል።