መርከቧ የየትኛው ዓመት ናት?

ጠዋት ጉዱማሌ ቆሞ የሐዋሳን ሐይቅ ላየ ሰው፣ አውሮፕላን ውሃ ላይ ለምን እንደሚያርፍ ማስረዳት አይከብድም። ጸጥ ያለ ሐይቅ ሰፊ ሜዳ ነው። ማዕበል ሲነሳ ግን ሜዳነቱ ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ጣጣም ይኸው ነበር። ከጎማ ይልቅ ተንሳፋፊ የተገጠመለትን አውሮፕላን በክሬን ባሕር ላይ ያወርዱታል፤ ተልዕኮውን ጨርሶ ውሃው ላይ ሲያርፍ በክሬን ያወጡታል። ለዚህ ደግሞ መርከቡ መቆም አለበት። በጦርነት ላይ የቆመ መርከብ ምን እንደሚገጥመው መገመት ነው።

እንግሊዞች ፊውሪየስ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ሌላ ዘዴ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ1917 ከፊቷ መድፍ አንስተው መንደርደሪያ ሠሩላት። በኦገስት 2 ቀን አብራሪው ኤድዊን ዳኒንግ በመጓዝ ላይ ያለች መርከብ ላይ በማረፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ሲደግመው ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ከኋላም ማረፊያ ጨመሩ። መሐል ላይ የቀረው ጭስ ማውጫና የአዛዡ ማማ ግን ነፋሱን እያወከ አውሮፕላኖቹን ያላጋ ነበር። በ1918 የተጠናቀቀችው አርገስ ከዳር እስከ ዳር ጠፍጣፋ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፊውሪየስም ኋላ ተቆርጣ እንደዚያው ተደረገች። ስለዚህ ፊውሪየስን ልሳል የሚል ሰው እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ዓመቱን ይምረጥ። የ1917ቷና የ1918ቷ አንድ መርከብ አይመስሉም።

እኛም የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ዘመድ ነበረችን። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» መጀመሪያ ኦርካ የምትባል የአሜሪካ መርከብ ነበረች፤ ሥራዋ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ ማጠጣት፣ መጠገንና አብራሪዎቻቸውን ማሳደር ነበር። የሚገርመው፣ የተሠራችው ሐይቅ ዳር ነው፤ በዋሽንግተን ሐይቅ። በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጥታ ምጽዋ ላይ መለማመጃ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ ኋላም ለብረት ተሸጠች።

ስለዚህ መሣል የሚቻለው ከፎቶግራፍ ነው። ፎቶ ግን ለካሜራው የቀረበውን ያገዝፋል፤ ርዝመቱን ከልኬት ውሰዱ። 95 ሜትር ርዝመት፣ 12.5 ሜትር ወርድ ነበራት። አንድ ሴንቲ ሜትር ለአምስት ሜትር ካላችሁ 19 በ2.5 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ደብተር ገጽ ላይ ይገባል። ቀጥሎ ቁጥሯን ፈልጉ። ኤ-01 የሚል ካለባት የኛ ናት፤ ያንን ምስል በኦርካ ፎቶ አታሟሉ። ከኋላ ያለውን ክሬን እንኳ በያዛችሁት ፎቶ ላይ ሳታዩ አትሳሉ።