የወባ ኪኒንና ነፍሰ ጡር እናት

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በደጋው የባቄላ እሸት ይደርሳል፤ በቆላው ደግሞ ውኃ ባቆረው ስፍራ ሁሉ የወባ ትንኝ ትራባለች። እሸቱና ወባው በወቅት ብቻ ሳይሆን፣ በዘር በሚወረስ አንድ የደም ጉድለትም ይገናኛሉ። ይኸውም ጂ-ስድስት-ፒዲ የተባለው ኤንዛይም ማነስ ነው።

ነገሩ ለቦሌና ለምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ የራቀ ሊመስል ይችላል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ፣ በአካባቢው ወባ እምብዛም አይዛመትም። ሆኖም ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱን ይዞት ይመጣል። በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሠሩት መካከል የሚበዙት ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም ከገጠር የመጡ ናቸው። ለበዓል ቆላ ወዳለው ቀዬዋ ደርሳ የተመለሰች ነፍሰ ጡር ትኩሳት ሲይዛት፣ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን ተቀብላ እንዳትውጥ ያሠጋል።

ይህ ኤንዛይም ቀዩን የደም ሕዋስ ከጉዳት የሚጠብቅ ነው። በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጉድለቱ እንዳለባቸው ይገመታል። ጉድለቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ መነሻውም ፕሪማኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከወሰዱት ሰዎች የአንዳንዶቹ ደም ለምን እንደሚፈርስ ለማወቅ የተደረገው ምርምር ነበር። እሸት ባቄላም ጉድለቱ ባለበት ሰው ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ይህ ማለት ግን ጤነኛው ሰው ባቄላ ይተው ማለት አይደለም።

ጉድለቱን የተሸከመች እናት ራሷ ምንም ሳይሰማት ልትኖር ትችላለች። ከምትወልዳቸው ወንዶች ልጆች ግን እያንዳንዱ ጉድለቱን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል። የተደበቀውን ለማጥፋት ፕሪማኪን ይሰጣል። ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም፤ መድኃኒቱ ወደ ፅንሱ ሊያልፍ ስለሚችልና የእናቲቱ ደም ቢመረመር እንኳ የፅንሱን ሁኔታ ስለማያሳይ ነው። በመሆኑም ሐኪሙ እንደ ክሎሮኪን ያለ ሌላ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ፕሪማኪኑን ከወሊድ በኋላ ላለው ጊዜ ያቆየዋል። ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃን የምታጠባ እናትም ሳትጠይቅ መውሰድ የለባትም።

ይህ ሲባል ወባው ሳይታከም ይቆይ ማለት አይደለም። ወባ ራሱ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል፣ የደም ማነስ ያመጣል፣ ሕፃኑም ክብደቱ አንሶ እንዲወለድ ያደርጋል። ስለዚህ ትኩሳት የያዛት ነፍሰ ጡር ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ እርጉዝ መሆኗንና የት ደርሳ እንደመጣች መናገር ይኖርባታል።

ጥንቃቄው ከወሊድ በኋላም ይቀጥላል። ጉድለቱን የወረሰ ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓይኑና ገላው ቢጫ ሊሆን ይችላል። የወፍ በሽታ የሚባለው ይህ ሕመም ከበረታ አንጎልን ይጎዳል። ፀሐይ ማሞቅ ብቻ አይበቃውም፤ በጤና ድርጅት በልዩ ብርሃን ይታከማል። ጉድለቱ ላለበት ሕፃን ናፍታሊንም ጎጂ ስለሆነ፣ የሕፃን ልብስ በናፍታሊን ማስቀመጥ አይገባም።

የዘር ጉድለት መኖሩን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ለአንዱ ያዳነው ኪኒን ለሌላው ፅንስ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊዘነጋው አይገባም።