«ፉል ኦፕሽን» አውቶሞቢል ለጎጃም መንገድ

ያገለገለ ባለደረጃ አውቶሞቢል በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ «ፉል ኦፕሽን ናት» የሚለው ቃል አይጠፋም። የቆዳ ወንበር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የሚከፈት ጣሪያ፣ ኤርባግ፣ በአዝራር የሚነሣ ሞተር፣ ኋላን የሚያሳይ ካሜራ ሁሉም በዚህ ቃል ይጠቀለላሉ፤ ዋጋውም ተጠቅልሎ ይጠየቃል። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም አዴት ተቀምጦ መኪና ለሚያስብ ገዢ ግን ጥቅሉ ተፈትቶ አንድ በአንድ መታየት አለበት። ከመሣሪያዎቹ አንዱ የዓባይን በረሃ ለመውረድ ሕይወት አዳኝ ሲሆን፣ ሌላው ክረምት በገባ በወሩ የሚበላሽ ጌጥ ነው።

በዓለም ገበያ ባለደረጃ ወይም «ኤክስኪዩቲቭ» የሚባሉት መኪኖች መርሴዲስ ኢ-ክላስ፣ ቢኤምደብሊው ባለ 5፣ አውዲ ኤ6፣ ቮልቮ ኤስ80 እና የመሳሰሉት ናቸው። በኢትዮጵያ ገበያ ደላላ «ኤክስኪዩቲቭ» ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ስለተሠራው ቶዮታ ኮሮላ ነው። ኮሮላን ወደዚህ ወንበር ያወጣው በዋናነት ግብር ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ በሆነ ሞተር ላይ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ይጥል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1186 አዲስና አነስተኛ ሞተር ላለው መኪና ታክሱን ወደ 5 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ፣ ያገለገለ መኪና ላይ ግን ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ብዙ እጥፍ ከፍ አደረገው። ስለዚህ ትልልቆቹ የጀርመን መኪኖች በአብዛኛው የኤምባሲ፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም የባለሀብት ሆነው ቀሩ፤ ሰፊው ሕዝብ ቪትዝና ያሪስ ነዳ፤ በመካከል ያለው ኮሮላን ያዘ።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲተው ብር ከዶላር አንጻር በሳምንታት ውስጥ ክፉኛ ወረደ። የሁለቱ ድምር ውጤት በገበያው ላይ በግልጽ ይታያል፤ ያለው የቤንዚን መኪና እየተቀባበለ ይሸጣል እንጂ በአዲስ አይተካም። ሃያ ዓመት ያገለገለ መኪና ቀለም ተቀብቶ፣ ወንበር ለብሶ፣ ስክሪን ተገጥሞለት «ፉል» ሆኖ ይቀርባል። በኋላ የተገጠመ መሣሪያ ከፋብሪካ ከመጣው ጋር አንድ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሽቦው ተቆርጦ በፕላስተር የተጠመጠመበት መኪና ገዢውን ለዓመታት ከኤሌክትሪሻን ደጃፍ አያወጣውም።

ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ጎሐ ጽዮን ላይ ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ወለል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። ለምዕራብ ጎጃም ገዢ ከዚህ የተሻለ የመኪና ፈተና የለም። ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ አቀበቱ ሞተርንና ራዲያተርን ያጋልጣል።

ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ በአየር መሳሳት ምክንያት ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ገደማ ያጣል። ቡሬም ፍኖተ ሰላምም አዴትም ያሉት በዚያ ከፍታ አካባቢ ነው። አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ የደጀንን ዳገት ሲወጣ የሚሰማው ጩኸት ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ለጎጃም መንገድ 1,300 ሲሲ ዝቅተኛው፣ 1,600 ተስማሚው ነው ማለት ይቻላል። ከ2,000 ሲሲ በላይ ያለው ጉልበቱ ቢያስደስትም ቤንዚን ሲጠፋ ሰልፉ ላይ ያስቆጫል።

የአውቶማቲክና የማንዋል ክርክር በዚህ መንገድ ላይ ሌላ መልክ አለው። አውቶማቲክ በከተማ ውስጥ ምቾት ነው። የቆየው ባለ አራት ማርሽ የቶዮታ አውቶማቲክ ካምቢዮም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ነጂ ዓባይን በ«ዲ» ይወርዳል። መኪናውን ሊይዝ የሚገባው ሞተር ሥራውን ለፍሬን ይተውና ሸራው ይግላል። በፍሬን ዘይት ውስጥ በጊዜ ብዛት የገባው እርጥበት ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። አውቶማቲክ የገዛ ሰው ማርሹን ወደ «2» ወይም «ኤል» ዝቅ አድርጎ መውረድ ይልመድ፤ የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ይቀይር። መኪናው ሲገዛ የካምቢዮው ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ወይም እግር ፍሬን ላይ ሆኖ ማርሹ ከ«ኤን» ወደ «ዲ» ሲገባ ዘግይቶ የሚመታ ከሆነ፣ ውበቱ ምንም ያህል ቢሆን መተው ይሻላል። አውቶማቲክ ካምቢዮን አውርዶ በአግባቡ የሚሠራ ባለሙያ በገጠር ከተሞች ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ማንዋሉ ፍሪሲዮኑ ቢያልቅ እንኳ በቅርብ ጋራዥ ይቀየራል።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ኤቢኤስ እና ኤርባግ ነው። ሁለቱም ቁልፍ ሲዞር በዳሽቦርዱ ላይ መብራታቸው መብራትና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ብልሽቱ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ የአደጋ መኪና ጨረታ ተገዝተው በዱባይ በኩል የተሸጡ መኪኖች ኤርባጋቸው ፈንድቶ ሽፋኑ ብቻ የተተካ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ ኤርባጎች ጋዝ ማመንጫ በሙቀትና በእርጥበት ተበላሽቶ ሲፈነዳ ብረት ስለሚረጭ፣ በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ ኤርባጎች ለለውጥ ተጠርተዋል፤ በመኪና ታሪክ ትልቁ የጥሪ ዘመቻ ነው። ከተጠሩት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ኮሮላዎች ይገኙበታል። አጠራጣሪ መኪና በሻንሲ ቁጥሩ በአምራቹ ወኪል ዘንድ ቢጣራ ተገቢ ነው።

መሣሪያ በበዛ ቁጥር ደኅንነት ይጨምራል ማለት እንዳልሆነ መርሴዲስ ራሱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኢ-ክላስ ፍሬኑ በኮምፒዩተርና በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚታዘዝ ነበር። በ2004 ኩባንያው 680,000 መኪኖችን ለእርማት ጠራ፤ በ2006 ደግሞ ሥርዓቱን ከኢ-ክላስ አንሥቶ ወደ ተለመደው ፍሬን ተመለሰ። ፓምፑ ፍሬን የተረገጠበትን ቁጥር ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ተቀየር ይላል። እንዲህ ያለውን መኪና በርካሽ አግኝቶ ጎጃም የወሰደ ሰው ፓምፑን መተኪያ ፍለጋ አዲስ አበባ መመለሱ አይቀርም፤ ምናልባትም ባዶ እጁን። በአየር የሚሠራ ሞላ የተገጠመላቸው መኪኖችም እንዲሁ ናቸው። ከረጢቱ ሲቀደድ መኪናው መሬት ላይ ይተኛል። የጀርመን መኪና የሚመኝ ሰው ፍላጎቱን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ባበቃው፣ በተለምዶ ደብልዩ 124 በሚባለው ኢ-ክላስ ቢያረካ ይሻለዋል፤ ተራ ሞላ፣ ተራ ፍሬን፣ ጥቂት ኮምፒዩተር።

የመኪናው ከፍታ ከወንበሩ ቆዳ ይበልጣል። የተለመደ ኮሮላ ሆዱ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአስፋልትና በኮብልስቶን ይበቃል፤ ወደ ገጠር ቀበሌ በሚያስገባ ፒስታ በሐምሌ ጭቃ ግን ገደቡ ላይ ነው። ለውበት ዝቅ የተደረገ መኪና፣ ወይም ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ ያለው፣ በአንድ ጉድጓድ ቸርኬው ይጣመማል። ባለ 15 ኢንች ቸርኬና ወፍራም ጎማ ለዓይን ባያምርም መንገዱን ይችላል። የሚከፈተው ጣሪያ ደግሞ ውኃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። በበጋ አቧራ ይደፍናቸዋል፤ በክረምት ዝናቡ ወደ ምንጣፉና ወደ ሽቦው ይገባል። የሻገተ ሽታ ወይም የረጠበ ምንጣፍ ያለው መኪና የዚህ ምልክት ነው። ኤሲ ለደጋ አገር ትርፍ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም በዓባይ በረሃ ሙቀት ብቻ ሳይሆን በክረምት የመስታወትን ጉም በቅጽበት ስለሚያጠፋ መሥራቱ ይፈተሽ። በአዝራር የሚነሣ መኪና አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ ከመጣ ሁለተኛው የት እንደገባ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፍተሻው ሞተሩ ሳይሞቅ በጠዋት ቢጀመር ይመረጣል። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከሆነ ኮፈኑን በእጅ ነክቶ ማወቅ ይቻላል። የዘይት መክደኛው ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩ ውኃ ዝገት ከመሰለ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲጨመርበት ኖሯል። ሞተር ሲግል መካኒክ ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣሉ የተለመደ «መፍትሔ» ነው፤ ቤንዚን ያስበላል፣ እውነተኛውን ችግር ይሸፍናል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ በቀላሉ ስለሚመለስ ማመን አይቻልም። 90 ሺህ የሚያነብ መኪና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ መሪው አብረቅርቆ ከታየ ፔዳሉን ማመን ይሻላል። ስቱኮ ያለበት ላሜራ በጣት ሲንኳኳ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ማግኔትም አይይዝበትም። ፖርቶ ባጋሊው ውስጥ ምንጣፉ ተነሥቶ ብየዳ ይፈለግ።

ከዚያ የመንገድ ሙከራ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚገዛ ሰው ከእንጦጦ ዳገት የተሻለ ቅርብ ፈተና አያገኝም። የኮምፒዩተር ምርመራም ይደረግ፤ ነገር ግን የስሕተት መዝገቡ ከአንድ ሰዓት በፊት ተደምስሶ ሊሆን ስለሚችል ንጹሕ ውጤት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የመለዋወጫ ጉዳይ ሲነሣ ኮሮላ ተወዳዳሪ የለውም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃው ይገኛል፤ ባሕር ዳርም ይደርሳል። አገር ውስጥ ተገጣጥመው ፋብሪካቸው የተዘጋ መኪኖች ዕጣ ደግሞ የታወቀ ነው። ሞጆ ላይ ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር ከከሠረ በኋላ «አባይ»ና «አዋሽ» የተባሉት መኪኖቹ ባለቤቶች ዕቃ ፍለጋ ተንከራተዋል።

በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ገበያ «ፉል ኦፕሽን» ይበልጥ ርካሽ ሆኗል፤ ቻይና ሠራሹ መኪና ከነስክሪኑና ከነካሜራው ይመጣል። ከአዴት ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሰው፣ ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ሌሊት የሚሞላ መኪና ይበቃዋል። እስከ አዲስ አበባ ግን ሌላ ነገር ነው። ከባዱ አቀበት ባትሪውን ይመጥጠዋል፤ ቁልቁለቱ ከፊሉን ብቻ ይመልሳል፤ በመሐል የሚሞላበት ቦታም በእርግጠኝነት መታወቅ አለበት። ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ከኪሎ ሜትሩ በፊት የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ይጠይቅ። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ከሆነም ዋስትናው እዚህ የሚያገለግል ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በመጨረሻው ምዕራፍ፣ በወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከር፤ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካለ ግብይቱ እዚያው ይቁም። ፋይሉ ባለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ዕዳና እገዳ ይጣራ። የኤምባሲ ወይም የድርጅት መኪና ከሆነ ቀረጡ መከፈሉ ይረጋገጥ፤ ካልተከፈለ ከቀረጥ ነፃ የገባበት ዕዳ ገዢውን ተከትሎ ይመጣል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ የግድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። 500 ብር ዛሬ የመኪና ጠረጊያ ላስቲክ ባይገዛም ሕጉ ሕግ ነው።

የስም ማዛወሪያ ወጪ ለመቆጠብ በውክልና መግዛት ተለምዷል። ይህ መጥፎ ልማድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ከሞተም ውክልናው ይቋረጣል፤ መኪናው የወራሾች ንብረት ሆኖ ይቆጠርና ገዢው ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ከአዲስ አበባ የተገዛ መኪና ፋይሉ ወደ አማራ ክልል እንዲዛወር፣ ሦስተኛ ወገን መድኑና ቦሎው በአዲሱ ባለቤት ስም እንዲታደስ ይደረግ። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለበት የጸጥታ ችግር መንገድ ሊዘጋና መሥሪያ ቤት ሊዘገይ ስለሚችል፣ ስም የማዛወሩ ሥራ መኪናው ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ቢያልቅ ይመረጣል። ክፍያውም በባንክ ይሁን፤ ሊብሬው በገዢው ስም ሳይዞር የዋጋው ሙሉ ገንዘብ ለሻጭ አይሰጥ።