ያገለገለ የመብራት እንጨት ለምድጃ አይሆንም

በአገናም ሆነ በሌላው የጉራጌ አካባቢ ባሕር ዛፍ የማይውልበት ነገር የለም። ቤት ይሠራበታል፣ ይታጠርበታል፣ ይሸጣል፣ የተረፈው ይነዳል። ስለዚህ ተነቅሎ የወደቀ የመብራት ወይም የስልክ እንጨት ያገኘ ሰው «ያው ባሕር ዛፍ ነው» ብሎ ቢፈልጠው አይገርምም። ነገር ግን አንድ አይደሉም።

እንደሚታወቀው ተራ ባሕር ዛፍ መሬት ውስጥ ሲተከል ምስጥ ይበላዋል፣ ይበሰብሳል። ለመስመር የሚቆመው ግን መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረጋል። ዋናዎቹ መድኃኒቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ክሪዮሶት የሚባለው፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚገኝ፣ የሚሸት ጥቁር ዘይት ነው። ሁለተኛው ሲ.ሲ.ኤ. ይባላል፤ በውስጡ መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ አሉበት። በሲ.ሲ.ኤ. የታከመ እንጨት አዲስ ሲሆን አረንጓዴ ይላል፤ ሲያረጅ ግን ግራጫ ስለሚሆን በዓይን መለየት ያስቸግራል።

እንጨቱ ቆሞ ሳለ አብዛኛው ሲ.ሲ.ኤ. ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ችግሩ የሚመጣው ሲቆረጥና ሲነድ ነው። በመጋዝ ሲቆረጥ መርዙ ከብናኙ ጋር በአፍንጫና በአፍ ይገባል። ሲነድ ደግሞ አርሴኒክ ንጥረ ነገር ስለሆነ እሳት አያጠፋውም፤ ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ የቀረው አመዱ ውስጥ ይከማቻል። የክሪዮሶት ጭስም ካንሰር የሚያመጡ ውህዶች አሉበት።

እኛ ጋ ደግሞ አመድ ዝም ብሎ አይጣልም። እንሰት ሥር ይደፋል፣ ድስት ይፈተግበታል። ስለዚህ ጉዳቱ እሳቱ ሲጠፋ አብሮ አያበቃም ማለት ነው።

ይህ እንዲሁ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ዘገባ እንደሚገልጸው፣ በዊስኮንሲን ግዛት ስምንት የአንድ ቤተሰብ አባላት በሲ.ሲ.ኤ. የታከመ እንጨት ምድጃ ውስጥ እያነደዱ ለዓመታት ታመዋል። ሕመሙ የሚብሰው እሳት በሚበዛበት በብርዱ ወራት ነበር፤ ሳል፣ የቆዳ ቁስለት፣ የፀጉር መርገፍ ታይቶባቸዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማገዶ በተወደደበት ጊዜ በነፃ የተገኘ እንጨት ማለፍ ከባድ ነው። ሆኖም ሳይቆረጥ ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ብሎ ለአጥር ቢተከል ይጠቅማል። መቁረጥ ግድ ከሆነ ደጅ ላይ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ ከሥር ሸራ አንጥፎ ይሁን። ሰጋቱራው ለከብትም ሆነ ለዶሮ ጉዝጓዝ አይሁን። ከሥራ በኋላ እጅ ይታጠባል፣ ልብሱም ለብቻው ይታጠባል። ቁርጥራጩን ደግሞ ከቤት ማገዶ ጋር አለመቀላቀል ነው፤ ምክንያቱም ማታ ምድጃ ላይ የሚጥደው ሰው የትኛው ፍልጥ ከየት እንደመጣ አያውቅም።